የሣጥኑ ወርድ፦ ስለ ብራውዘሮች አለመስማማት

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሽከርካሪ ጉዞዋን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዛውር፣ ሱዳን እስከ 1973 ድረስ በግራው ጸንታ ቆይታለች። በእነዚያ 9 ዓመታት ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት መኪና ነድቶ የሚሻገር ሰው መስመሩን መለወጥ ግዴታው ነበር። መኪናው ያው ነው፤ የተለየው ደንቡ ብቻ ነው። የድረ ገጽ ሠሪዎች ከ20 ዓመታት በኋላ የገጠማቸው ችግርም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ የከፋ ያደረገው ድንበሩ በዓይን አለመታየቱ ነው።

የገጽን አቀማመጥ ከጽሑፉ ለይቶ የሚደነግገው ሲኤስኤስ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1994 በሆኮን ቪዩም ሊ ሐሳብ ቀርቦ፣ በርት ቦስም ተጨምሮበት በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። በደንቡ መሠረት የሣጥን ወርድ ማለት የይዘቱ ወርድ ሲሆን፣ የውስጥ ክፍተትና ጠርዝ በላዩ ይደመራሉ። ስለዚህ ወርዱ 300፣ በየጎኑ ክፍተቱ 20፣ ጠርዙም 5 ፒክሰል የሆነ ሣጥን በጠቅላላው 350 ይይዛል። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ሁሉንም በ300 ውስጥ አጨናንቆ ለጽሑፉ 250 ብቻ ይተውለት ነበር። በዚህም ምክንያት በአንዱ ብራውዘር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዓምዶች በሌላው ሲታዩ አንደኛው ወደ ታች ይወድቅ ነበር።

ይሁን እንጂ አናጺ ሣጥን የሚለካው ከውጭ ነውና፣ የማይክሮሶፍት አተረጓጎም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኋላም ሠሪው ከሁለቱ አለካኮች የወደደውን እንዲመርጥ በደንቡ ተፈቅዶለታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለማኪንቶሽ የወጣው ኤክስፕሎረር 5 በገጹ ራስ ላይ ያለውን መግለጫ አይቶ በአሮጌው ወይም በአዲሱ ደንብ መሥራት ጀመረ፤ በዊንዶውስም ኤክስፕሎረር 6 ይህንኑ ተከተለ።

ለአማርኛ ገጽ ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቋሚ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ ገጾች በየሠሪው ፎንት ይጻፉ ስለነበር፣ ያ ፎንት የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነበር። ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የቀረበው ከቪስታ ጋር ነው፤ እስከዚያ ብዙ ሰው ባዶ አራት ማዕዘን ሲያይ ኖሯል። ዛሬ ፊደሉ በየመሣሪያው ይታያል። ሆኖም የኒያላና የኖቶ ፊደላት ወርድ አንድ ስላልሆነ፣ በአንዱ በአንድ መስመር ያለቀ ርእስ በሌላው ወደ ሁለት ይሰበራል። የሣጥኑን ከፍታ በቁጥር የቆለፈ ሠሪ ሁለተኛው መስመር ተቆርጦ ወይም በሚቀጥለው ጽሑፍ ላይ ተደርቦ ያገኘዋል፤ በክትባት ወይም በግብር ማስታወቂያ ላይ ደግሞ የተቆረጠው መስመር ቀኑን የያዘው ሊሆን ይችላል።