‹‹ምርመራ›› በፖሊስና በሐኪም መካከል

‹‹መረመረ›› የሚለው ግሥ ከግእዙ ‹‹መርመረ›› ጋር አንድ ነው፤ መነሻ ፍቺውም ጠልቆ መፈለግ፣ ነገርን አበጥሮ ማየት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት መጻሕፍትን ለሚመረምር ሊቅ ይነገር የነበረውን ይህን ቃል ዘመናዊ ፖሊስና ዘመናዊ ሕክምና ሲስፋፉ ሁለቱም ለየሥራቸው ወሰዱት። ከዚህ የተነሣ ፖሊሱም ይመረምራል፤ ሐኪሙም ይመረምራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን የቃሉ አንድነት የሕጉን ልዩነት ይሸፍናል። ይህም ጎልቶ የሚታየው አስገድዶ በመድፈር ወንጀል ነው።

በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 የተያዘ ሰው በፖሊስ ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ይህም መብቱ እንዲነገረው ደነገገ። በአንቀጽ 34 ግን መርማሪው ፖሊስ ከወንጀሉ ዐይነት አንጻር አስፈላጊ መስሎ ሲታየው፣ የተመዘገበ ሐኪም የሰውየውን አካል መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ የማዘዝ ሥልጣን ሰጠው፤ የደም ምርመራንም በዚሁ ውስጥ አካተተ። የተመርማሪውን ፈቃድ አልጠየቀም። የተበዳይዋ አካል እንዲመረመር ግን የራሷን፣ ችሎታ ከሌላትም የወላጆቿን ወይም የአሳዳሪዋን የጽሑፍ ፈቃድ ጠየቀ። እንግዲህ በአንድ ሕግ ውስጥ ሦስት ዐይነት ምርመራ አለ፦ ዝም ሊሉበት የሚቻል፣ በትእዛዝ የሚፈጸም፣ በፈቃድ ብቻ የሚፈጸም።

የተመርማሪው ስያሜም ጥንቃቄ ይሻል። የእንግሊዝኛው ቅጂ በአንቀጽ 34 ያኖረው ቃል በቀጥታ ሲመለስ ‹‹ተከሳሽ›› ማለት ነው። ሆኖም ፖሊስ ገና ማስረጃ በሚያሰባስብበት ጊዜ ሰውየው ‹‹ተጠርጣሪ›› እንጂ ተከሳሽ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎችን መብት ለይቶ ማስፈሩ ለዚህ ልዩነት ጽኑ መሠረት ሰጥቶታል። የሕጎቹ ስምም በዚሁ አቅጣጫ ተጉዟል። በ1923 እና በ1949 ዓ.ም. ‹‹የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ›› ይባል የነበረው በ1996 ዓ.ም. ‹‹የወንጀል ሕግ›› ተባለ። ቀድሞ ሰውየውን ይጠራ የነበረው ስም ድርጊቱን ወደ መጥራት ተሻገረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለተርጓሚው የስያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ‹‹ተጠርጣሪው ተመረመረ›› የሚል ዓረፍተ ነገር ሰውየው ቃሉን ይስጥ ደሙን አይገልጽም። ቃሉን ቢሆን ዝም የማለት መብት ነበረው፤ ደሙን ቢሆን በአንቀጽ 34 መሠረት ፈቃዱ አልተጠየቀም። ሐኪሙ የሚጽፈውም በአካል ላይ ያየውን ምልክት ነው፤ ድርጊቱ በግድ መፈጸም አለመፈጸሙን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። የሐኪሙ ‹‹የምርመራ ውጤት›› ከፖሊሱ ‹‹የምርመራ መዝገብ›› ጋር ከተቀላቀለ የባለሙያ አስተያየት እንደ ፍርድ ሊነበብ ይችላል።

በመሆኑም ቃሉ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ብቻውን ባይቆም ይመረጣል። ‹‹የቃል ጥያቄ››፣ ‹‹የአካል ምርመራ››፣ ‹‹የደም ምርመራ›› እየተባለ ቢለይ፣ ከተበዳይዋም ጋር ‹‹በጽሑፍ በሰጠችው ፈቃድ›› የሚለው ሐረግ ባይጎድል፣ አንባቢው ማን በምን ሥልጣን ማንን እንደ መረመረ በግልጽ ያውቃል።