አገር ስጠኝ (የእንቆቅልሽ ጨዋታ)

አገር ስጠኝ በአማርኛ የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያላወቀ ተጫዋች የሚከፍለው ምናባዊ ቅጣት ነው። ተሸናፊው የአንድ ከተማ ወይም አውራጃ ስም ጠርቶ ለጠያቂው «ይሰጣል»። ጠያቂው ደግሞ በሐሳቡ እዚያ ይደርሳል፣ ይሾማል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በተሸናፊው ላይ ይቀልዳል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ መልሱን ይናገራል። ጨዋታው ሰሌዳም፣ ዳይም፣ ካርታም አይፈልግም። ሁለት ሰው ካለ ይበቃል፤ አድማጭ ሲበዛ ግን ሳቁም ይበዛል።

አጀማመር

ጠያቂው ለወንድ «እንቆቅልህ»፣ ለሴት «እንቆቅልሽ» ብሎ ይጀምራል። መላሹ «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ይላል። ሁለቱም ቃላት የሚስማሙት ከሚነገርለት ሰው ጋር ስለሆነ ወንድ ልጅ ሴትን ሲጠይቅ «እንቆቅልሽ» ይልና «ምን አውቅልህ» ይባላል። ጥያቄው የሚቀርበው ይህ ምላሽ ከተሰጠ በኋላ ነው። ተረትም እንዲሁ ነው፤ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ካላለ አይቀጥልም።

ለጀማሪ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ለትንንሽ ልጆች መጀመሪያ የሚቀርቡት በየቀኑ የሚያዩዋቸው ነገሮች ናቸው። «በር የሌለው ነጭ ቤት» እንቁላል ነው። «ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል» ጥላ፣ «ማታ ተዘርቶ ጠዋት የማይገኝ» ደግሞ ኮከብ ነው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ሆኖም ልጁ አንድን ነገር በሌላ መስሎ ማየትን የሚለምደው በእነዚህ ነው። መልሱን አንዴ የሰማ ልጅ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ለታናሹ ያቀርባል፤ ከመላሽነት ወደ ጠያቂነት የሚሸጋገረውም እንዲህ ነው።

አገር መስጠት

መላሹ ሞክሮ ካልሆነለት ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። የተሰጠውን አገር ወዲያው የመቀበል ግዴታ የለበትም። ተሸናፊው ሩቅ ወይም የማይመች ቦታ ሊሰጥ ይሞክራል፣ ጠያቂው «አልፈልግም» ይላል፣ ድርድሩ ደስ የሚያሰኝ ስም እስኪገኝ ይቀጥላል። በምሥራቅ ጎጃም ቢሆን ጨዋታው ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— እንቆቅልህ?
— ምን አውቅልህ?
— ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል።
— ንፋስ?
— አይደለም።
— እንጃ፣ አላወቅሁትም።
— አገር ስጠኝ።
— ሞጣን ሰጥቼሃለሁ።
— አልፈልግም፣ ሰባራ ድልድይን ማን ይሻገራል?
— እንግዲያው ብቸናን።
— ብቸና ገብቼ፣ የነጭ ጤፍ እንጀራ በልቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ፣ በበቅሎ ተቀምጬ፣ በቅሎዋን አንተን አስጎትቼ… መልሱ ወንዝ ነው!

የቀልዱ ቅመም አገሩን ማወቅ ነው። ሰባራ ድልድይ ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው የጥንት መንገድ፣ ዓባይ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን፣ አንዱ ቅስቱ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከፈረሰ ወዲህ ሰዎች ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩበት ነበር። ይህን የማያውቅ አድማጭ በእምቢታው አይስቅም። ብቸና በበኩሏ የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ አካባቢው ጤፍ አብቃይ በመሆኑ እንጀራው እንዲሁ የተነሣ አይደለም። ደጀንን ይዞ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ መጽሐፍ ሳይገልጥ በቃሉ የሚቆጥር ልጅ፣ ብዙ አገር ሰጥቶ የተሸነፈ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የጠያቂው ንግግር ቋሚ ቃል የለውም፤ ከቦታ ቦታና ከሰው ሰው ይለያያል። ቅርጹ ግን አንድ ነው፦ ገባሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አንተን እንዲህ አደረግሁህ። ልጅ ለአንድ ደቂቃ ራስ ወይም ደጃዝማች ይሆናል፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በቅሎ ጎታች። በቀጣዩ ዙር ሹመቱ ሊገለበጥ ስለሚችል ቂም አይያዝበትም።

ከዚህ ከፍ የሚለው እንካ ስላንትያ ነው። በዚያ አንዱ የሰጠውን ቃል ሌላው «ምን አለህ» ብሎ ይቀበለዋል፣ የመጀመሪያውም ቤት በሚመታ ስድብ ወይም ቀልድ ይዘጋል። ጊዜ መግዣ ድርድር ስለሌለው እንቆቅልሽ ያልለመደ ሰው ቶሎ ይሸነፍበታል።

በሌላው ዓለም

ተጫዋቾች በንግግር ምናባዊ አገር የሚገቡበት የታተመ ጨዋታ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። በዓመቱ ኬን ሴይንት አንድሬ ያወጣው «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» ሕጉ የቀለለና ቀልድ የሚወድ ነበር፤ ከአስማቶቹ የአንዱ ስም በአማርኛ «እንካ ቅመስ፣ አንተ ጭራቅ!» እንደማለት ነው። ጀማሪዎች ሕጉን ሁሉ ከማጥናታቸው በፊት እንዲጫወቱ አጫጭር የመግቢያ ጀብዱዎች ታትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሪክ ሉሚስ «ባፈሎ ካስል» አንድ ሰው ብቻውን፣ ቁጥር የተሰጣቸውን አንቀጾች እየመረጠ የሚጫወተው የመጀመሪያው ጀብዱ ነው። ለጀማሪ ከተዘጋጁት መካከል ደግሞ የማይክ ካር «ኢን ሰርች ኦቭ ዚ አንኖውን» እና የጋይጋክስ «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» ይታወቃሉ።

በእነዚህ ጨዋታዎች ምናባዊውን አገር የሚያዘጋጀው የጨዋታው መሪ ወይም ደራሲው ነው። በአገር ስጠኝ ግን አገሩን የሚመርጠው ተሸናፊው ነው፤ እሱ በሰጠው ቦታ ታሪኩን የሚፈጥረው ደግሞ አሸናፊው። መግቢያ መጽሐፍ ሳያስፈልገው የቆየውም ሳይሆን አይቀርም ለዚህ ነው።

በጽሑፍ

ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ቆይቶ በ1935 በሐበሻ ጨዋታዎች ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው በብቸና አቅራቢያ ያለችውን ዲማ ጊዮርጊስን ያስታወሰው ሐዲስ ዓለማየሁም «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ አላቸው፤ ርእሱ የተራኪውንና የአድማጩን ቃል አንድ ላይ ይዟል። እንቆቅልሽ ሲታተም ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄና መልሱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ድርድር፣ ጉዞና ሹመት አብሮ አይታተምም። አንባቢው መልሱን ወዲያው ስለሚያየው የሚሰጠው አገር የለም።