ማርሽ የምትተፋው ቬስፓ፦ ከፖንቴዴራ እስከ ባጃጅ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ በተለይ፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርሽ። ካምቢዮ። ፍሪሲዮን። ካንዴላ። ኩሽኔታ። ዳዶ። ሮንዴላ። ጋራዥ የዋለ ሰው እነዚህን ቃላት ሳያስብባቸው ነው የሚጠራቸው። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ማርሽ ራሱ "ማርቻ" ከሚለው ነው የመጣው፤ ጣልያኖቹ የመኪና ማርሽ ለማለትም፣ የወታደር ሰልፍ ጉዞ ለማለትም ይጠቀሙበታል። የአንድ አገር መካኒክ ሌላው አገር ድረስ ቃሉን ትቶ ሲሄድ እንዲህ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ወደ እኛ ቋንቋ እንደ ማርሽ ስላልገባች አንዲት ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። ጣልያኖቹ "ክሮቼራ" ይሏታል፤ እኛ መስቀል እንበላት። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ አራት ክንድ ያላት፣ ጠፍጣፋ ብረት ናት። በቬስፓ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ገባ ወጣ የሚባለው በእሷ ነው። አሮጌ ቬስፓ "ማርሽ ይተፋል" ሲባልም ከብዙው ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እሷ ጋ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን እንይ፤ ጥገናው ከታሪኩ ውጭ አይገባም።

ፒያጆ የሚባለው ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጣልያን ቱስካና ውስጥ ፖንቴዴራ የነበረው ፋብሪካው በቦምብ ተመታ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኤንሪኮ ፒያጆ የፈረሰ ፋብሪካና ሥራ የሌለው ሠራተኛ ታቅፎ ቀረ። አውሮፕላን የሚገዛ የለም፤ መንገዱ ፈራርሷል፤ ሕዝቡ ግን መንቀሳቀስ አለበት። ርካሽ፣ ቀላል፣ ሴቱም ወንዱም ልብሱን ሳያቆሽሽ የሚነዳት ነገር ትሠራ ተባለ።

ሥራው የተሰጠው ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው። ይህ ሰው የሞተር ብስክሌት ባለሙያ አልነበረም፤ የሄሊኮፕተር ሰው ነው። በ1930 የሠራው ሄሊኮፕተር ሮም አጠገብ ቺያምፒኖ ላይ ለጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ በረራ አድርጓል። ሞተር ብስክሌት ደግሞ ጭራሽ አይወድም ነበር። ሰንሰለቱ ዘይት ይረጫል፣ ጎማ ሲፈነዳ መከራ ነው፣ አቀማመጡ አይመችም ይል ነበር። እናም የማይወደውን አንድ በአንድ እያወጣ ጣለው። ሰንሰለቱን አስወገደ፤ ሞተሩን ከነካምቢዮው ከኋላ ጎማው ጎን ለጠፈው። የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ያዘው፤ እንዲያ ሲሆን ጎማ መቀየር ቀላል ነው። ማርሹን ከእግር አንስቶ በግራ እጅ መያዣ ላይ አደረገው። ኤንሪኮ ፒያጆ ወገቧ የቀጠነውን፣ ድምጿ የሚጮኸውን ነገር ሲያይ ተርብ ትመስላለች አለ ይባላል። ቬስፓ ማለት በጣልያንኛ ተርብ ነው። የፈጠራ መብቷ ፍሎሬንስ ላይ የተመዘገበው ኤፕሪል 23 ቀን 1946 ነው። በአሥር ዓመት ገደማ፣ በ1956፣ አንድ ሚሊዮንኛዋ ቬስፓ ተሠራች።

አሁን ወደ መስቀሏ።

ዳስካኒዮ ሰንሰለት ሲያስወግድ ችግር አመጣ። የካምቢዮው የመጨረሻ ዘንግ ራሱ የኋላ ጎማው ዘንግ ነው፤ በመሃል ምንም የለም። ስለዚህ ካምቢዮው ጎማ አጠገብ የሚገባ ጠባብ መሆን አለበት። በዘመኑ በነበሩት ሞተር ብስክሌቶች ማርሽ የሚገባው ጥርሶቹ ራሳቸው በዘንግ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ነው፤ ለመንሸራተት ደግሞ ቦታ ይፈልጋሉ። ቬስፓ ያ ቦታ የላትም።

መልሱ ይሄ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ ሁልጊዜ ከታችኛው ዘንግ ጥርሶች ጋር እንደተናከሱ ይቀመጣሉ። (ያን የታችኛውን ዘንግ፣ ጥርሶቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ስለሚደረደሩ፣ የቬስፓ ሰዎች "የገና ዛፍ" ይሉታል።) የላይኞቹ ጥርሶች በዘንጋቸው ላይ ልቅ ሆነው ይሽከረከራሉ፤ እንዲያው በባዶ። ዘንጉ ውስጡ ክፍት ነው፤ ጎኑም በአራት ቦታ ተሰንጥቋል። በውስጡ የምታልፈው ቀጭን ዘንግ መስቀሏን ተሸክማለች፤ አራቱ ክንዶች በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ። እጅህን ስታዞር መስቀሏ ወዲያና ወዲህ ትሄዳለች። አንዱ ጥርስ ውስጥ ያሉት አራት ጉድጓዶች ላይ ስትገባ ያ ጥርስ ከዘንጉ ጋር ይታሰራል፤ ማርሽ ገባ ማለት ነው። ጥርሶቹ ንቅንቅ አይሉም፤ የምትንቀሳቀሰው እሷ ብቻ ናት። ብልህ ነገር ነው።

ግን አስቡት። የሞተሩ ጉልበት ሁሉ፣ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣው ጉልበት፣ በእነዚያ አራት ክንዶች ጠርዝ ላይ ነው የሚያልፈው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ማዕዘን እስከሆነ ድረስ ምንም አይልም። ማዕዘኑ ክብ ሲሆን ግን ጉልበቱ መስቀሏን መግፋቱን ትቶ ወደ ጎን ያንሸራትታታል። ሞተሩ በድንገት ይጮሃል፣ ጎማው ጉልበት ያጣል። ማርሽ ተፋ የሚባለው ይሄ ነው። ሜዳ ላይ ያናድዳል፤ ዳገት ላይ፣ ከኋላህ መኪና እየመጣ፣ ሰው ይገድላል።

ማዕዘኑን ክብ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዕድሜ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቬስፓዎች ማርሽ የሚቀይሩት በብረት ዘንግ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሽቦ ኬብል ተተካ። ኬብል ይላላል። ሲላላ መስቀሏ ጉድጓዱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አትገባም፤ በጫፏ ብቻ ተንጠልጥላ ትሠራለች። ፍሪሲዮን በደንብ ሳይያዝ ማርሽ መቀየር ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በጥርሶቹ መሃል ያለው ልቅነት ከመጠን ሲያልፍ ነው፤ ጥርሱ ራሱ ከመስቀሏ ይሸሻል።

ከእናንተ መሃል አንዱ በቅርቡ የጠየቀኝ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት እዚሁ ልመልስ። "ቲቸር፣ የተበላውን በብየዳ ሞልቼ በሞረድ ባስተካክለውስ?" ነው ያለኝ።

አይሆንም። ለምን አይሆንም የሚለውን ማወቅ ከመልሱ ይበልጣል። የማርሽ ብረት ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ለስለስ ያለ፣ ምት የሚችል ነው፤ ላዩ ላይ ግን በእሳትና በካርቦን የጠነከረ ቆዳ አለው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ብየዳው ያን ቆዳ ያለሰልሰዋል፤ አጠገቡንም ለስንጥቅ ይዳርገዋል። ሞረዱ ደግሞ ቆዳውን ልጦ ለስላሳውን ያወጣዋል። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ የተሰበረው ቁራጭ የቀሩትን ጥርሶች ይዞ ይሄዳል። አንድ ጥርስ ለማዳን ሙሉ ካምቢዮ መቅበር ማለት ነው።

(ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ የሚናከሱባቸው ሌሎች አሮጌ ሞተሮች ላይ ግን የተበላውን መናከሻ በመፍጫ ማሽን እንደገና መቁረጥ ይቻላል፤ ጎኑን በጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ እያዘነበሉ፣ ጉልበት ሲመጣ እንዲሳሳብ። ያም ቢሆን በእጅ የሚሠራ አይደለም፤ ቆዳው ጥልቀት ኖሮት ሲተርፍ ብቻ ነው።)

ለቬስፓዋ እንዲህ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ኬብሉን እይ። ሞተር ከመክፈትህ በፊት ሁለቱንም ኬብሎች አስተካክል፤ እጀታው ላይ ያለው ቁጥርና ማርሹ ይገጣጠሙ። አንዳንዴ በሽታው እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት መከፈል አለበት፤ መስቀሏን ከውጭ የምታወጣበት መንገድ የለም። ዘይቱን ስታፈስ በጣትህ እየው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ጠርዝ እየተበላ ነው። መስቀሏን በብርሃን ያዝና የክንዶቿን ማዕዘን በጥፍርህ ዳስስ። ጥፍርህን የሚይዝ ከሆነ ደህና ናት፤ ጥፍርህ ካንሸራተተ አልቃለች። ቀጥለህ በየጥርሱ ውስጥ ያሉትን አራት ጉድጓዶች እንደዚሁ ዳስስ። አዲስ መስቀል በተበላ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ የተበላው ጥርስ አዲሷን ቶሎ ያከባታል። ክብ የሆነው ጥርስ አብሮ ይቀየር።

መስቀሏን ከዘንጓ ስትፈታ ተጠንቀቅ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ጥርሱ የግራ ነው፤ እንደለመድከው ስታዞር ትቆርጠዋለህ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። ጥርሶቹ በዘንጉ ላይ ከተደረደሩ በኋላ በላይኛው ሮንዴላና በጥርሱ መሃል ፊለር ጌጅ አስገብተህ ልቅነቱን ለካ። በትላልቆቹ ቬስፓዎች ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ካለፈ፣ ወፈር ያለ ሮንዴላ ይገባል፤ ፋብሪካው ራሱ ይህን አስቦ በተለያየ ውፍረት ሠርቷቸዋል። በመጨረሻ 250 ሚሊሊትር ገደማ ቁጥር 30 ዘይት። ፍሪሲዮኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚዋኝ ያገኘኸውን አትጨምር።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ወፍራም ሮንዴላ ቀድሞ የሠራ ፋብሪካ፣ ዕቃው እንደሚያረጅ ያመነ ፋብሪካ ነው። ዘላለም ይኖራል ብሎ አልዋሸም። የሚያረጀው የት እንደሆነ ያውቃል፤ እዚያም ርካሽ ዕቃ አስቀመጠ። በጊዜ ከደረስክ የምትቀይረው መስቀሏን ብቻ ነው። ችላ ካልክ ጥርሶቹን ትበላለች። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለካምቢዮም ይሠራል።

ይህች ነገር ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኛት? በየቀኑ ትሳፈሩባታላችሁ እኮ።

ፒያጆ በ1948 የቬስፓን ፊት ወስዶ ከኋላ ሁለት ጎማና የዕቃ ሳጥን ጨመረበትና "አፔ" አለው፤ ንብ ማለት ነው። ተርቧ ታዝናናለች፣ ንቧ ትሠራለች። በዚያው ዓመት ገደማ የሕንድ ነጋዴዎች እነዚህን ማስመጣት ጀመሩ። ከዚያም ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ባጃጅ የተባለው ድርጅት ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ እዚያው ሕንድ ውስጥ ይሠራቸው ጀመር። ፈቃዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አበቃ፤ ባጃጅ ግን ሥራውን አላቆመም። ከ1972 ጀምሮ "ቼታክ" የሚባል ስኩተር አወጣ፤ ስሙ የአንድ ታሪካዊ የሕንድ ንጉሥ ፈረስ ስም ነው። ከውስጡ ያው የቬስፓ ደም ነው፤ መስቀሏም ጭምር። በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ ስኩተር ለመግዛት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። ዓመታት ጠብቀህ ያገኘኸውን ማርሽ ተፋ ብለህ አትጥለውም፤ ታሠራዋለህ። በየመንገዱ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ያን ሞተር የሚፈታ መካኒክ የበዛው ለዚህ ነው።

ሦስት ጎማዋ ደግሞ ወደ እኛ መጣች። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ያለ እሷ አይታሰቡም። የድርጅቱ ስም የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ፤ "ባጃጅ ጥራልኝ" ነው የምንለው። በሚቀጥለው ስትሳፈሩ የሹፌሩን ግራ እጅ እዩ። ማርሽ የሚቀይረው እጀታውን በማዞር ነው። ያ የእጅ እንቅስቃሴ ሞተር ብስክሌት የማይወደው የሄሊኮፕተር ሰው ለፈራረሰች ጣልያን ያሰበው ነው። እጀታውን በጉልበት ይዞ ማርሹ እንዳይወጣበት የሚታገል ሹፌር ካያችሁም አሁን ምክንያቱን ትጠረጥራላችሁ። ንገሩት፤ እጁ መፍትሔ አይደለም፤ ሲገፋው ይበልጥ ይበላል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለናፍቆት አይደለም። ቼታክ የሚለው ስም በ2020 ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ግን በኤሌክትሪክ ነው፣ የሚቀየር ማርሽ የለውም። እኛም አገር በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እየበዛ ነው። እኔ አልቃወምም፤ ጭሱ ይብቃን። ግን እያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ልክ እንደ ቬስፓዋ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፦ የሚያረጀው የቱ ነው? ተከፍቶ ይታያል ወይስ ተለጥፎ የታሸገ ነው? ያ የሚያረጀው ነገር ለብቻው ይሸጣል ወይስ ሙሉውን ግዛ ይባላል? ባትሪው ላይ እነዚህን ካልመለሰልን፣ ዕቃው ሲያልቅ ባለጋራዡም ባለሹፌሩም አብረው ያልቃሉ። የቬስፓን ዕድሜ ያረዘመው ጥንካሬዋ ብቻ አይደለም፤ ተራ መካኒክ ከፍቶ ሊያድናት መቻሉ ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ፣ የተበላ መስቀል እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት። አዲሱን ከጎኑ አስቀምጣችሁ ለለማጁ ልጅ አሳዩት፤ በጥፍሩ ይዳስሰው። ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ያ ይሻለዋል። ፎቶውንም እዚህ አስተያየት ላይ ለጥፉልን፤ ሌላውም ይማርበት።

ሰላም ዋሉ።