ሳባ ሳባ፦ ናይሮቢ ፈቃድ መጠየቅ የበቃት ዕለት

ኬኔት ማቲባና ቻርልስ ሩቢያ እ.ኤ.አ. በ1990 የጠየቁት በካሙኩንጂ ሜዳ ሕዝብ ሰብስቦ መናገርን ነበር። ሁለቱም የቀድሞ ሚኒስትሮች ናቸው። ሩቢያ የናይሮቢ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ከንቲባም ነበሩ። በሜይ ወር የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ይፈቀድ ብለው በይፋ ተናገሩ፤ ለጁላይ 7 ስብሰባ ጠሩ። ፈቃድ ተከለከሉ። ቀኑ ሳይደርስ፣ ጁላይ 4፣ ሁለቱም ታስረው ያለ ፍርድ ተያዙ። ሕዝቡ ግን በቀጠሮው ወጣ። ፖሊስ ተኩስ ከፈተ፤ ሁከቱ ለቀናት ዘልቆ ቢያንስ 20 ሰዎች ሞቱ። ኬንያውያን የሰባተኛውን ወር ሰባተኛ ቀን በስዋሂሊ «ሳባ ሳባ» ይሉታል።

ፈቃድ ይጠይቅ የነበረው ሕግ ማቲባና ሩቢያ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የተጻፈ ነው። የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለው ይህ ድንጋጌ የወጣው በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በጁን 1950 ነበር። ከአንድ ወር በፊት የሠራተኛ ማኅበር መሪዎቹ ማካን ሲንግና ፍሬድ ኩባይ ታስረው ከተማዋ በጠቅላላ ሥራ ማቆም አድማ ተናውጣ ነበር። የቅኝ ገዢዎቹ የሕዝብ ስብሰባ ፍርሃት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በማርች 16 ቀን 1922 የታሰረው የፀረ ቅኝ አገዛዝ ታጋይ ሃሪ ቱኩ ይፈታ ያሉ ሰዎች ፖሊስ ጣቢያውን ከበቡ። ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለች ሴት ወንዶቹን አሳፍራ ሕዝቡን ወደፊት መራች። ተኩሱ ሲያበቃ መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር 21 ነበር። ኛንጂሩ አንዷ ናት።

ነጻነት በ1963 መጣ፤ ሕጉ ግን ባለበት ቀረ። ይህ ያንገበግባል። የቅኝ ገዢ ሹም ይይዘው የነበረው ብዕር ወደ ኬንያዊ የአውራጃ ኮሚሽነር ተላለፈ፤ እሱ ካልፈረመ ማንም አይሰበሰብም ነበር።

ብዕሩን የነጠቀው ዳግም ሳባ ሳባ ነው። በጁላይ 7 ቀን 1997 ተቃዋሚዎች «ማሻሻያ ከሌለ ምርጫ የለም» ብለው ሲወጡ ፖሊስ ወደ ኦል ሴንትስ ካቴድራል ዘልቆ ገባ። ቄስ ቲሞቲ ንጆያ ክፉኛ ተደበደቡ፤ ፎቶግራፋቸው ዓለምን ዞረ። ከቤተ ክርስቲያን የፈሰሰው ደም መንግሥትን ወደ ድርድር ገፋው ብዬ አምናለሁ። በፓርቲዎች የጋራ ድርድር የተደረሰበትን ስምምነት ፓርላማው ምርጫው ከመድረሱ በፊት በኖቬምበር አጸደቀ፤ ፈቃድ ቀርቶ ማስታወቂያ ተተካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዘጋጁ ስብሰባው ከመካሄዱ ከ3 ቀን ባላነሰ፣ ከ14 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ለአካባቢው የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ያሳውቃል፤ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን ይጽፋል። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው። ኃላፊው አይሆንም ማለት የሚችለው በዚያው ቦታና ሰዓት ሌላ ሰው ቀድሞ ካሳወቀ ነው፤ ያንንም በጽሑፍ። የደረሱትን ማስታወቂያዎች ሁሉ ሕዝብ ሊያየው በሚችል መዝገብ ማስፈር አለበት። ግልጽና የማይቀር አደጋ ሲደቀን ስብሰባውን መበተን ይችላል። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል።

ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፈኛው 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ እንጂ እንዲያስፈቅድ አያዝም። አዲስ አበባም ናይሮቢም ማስታወቂያ የተቀበለ ባለሥልጣን ራሱን ፈቃጅ ሲያደርግ ይታያል። በሁለቱም ከተሞች ክፉው ነገር የሕጉ ቃል ሳይሆን ይህ ልማድ ነው።

በጁን 2024 የናይሮቢ ወጣቶች የግብር ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው ወጡ። ጎሳ የለንም፣ ፓርቲ የለንም፣ መሪም የለንም አሉ። ብዙዎች ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን ተዉት። በጁላይ ተጠባባቂው የፖሊስ አዛዥ ዳግላስ ካንጃ በመሃል ከተማ ሰልፍን ከለከሉ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሰልፈኛው መሪ የለውም የሚል ነበር። የ1997ቱ ማሻሻያ አዘጋጅ ስሙንና አድራሻውን ይስጥ ሲል፣ አንድ ቀን ስም የሌለው ትውልድ እንደሚመጣ አላሰበም ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክልከላውን ወዲያውኑ አገደው።