ጉልበትን ለሚያመው ሰው የጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት

በዕድሜ፣ በቆየ ጉዳት ወይም በሰውነት ክብደት የተነሳ የጉልበት መገጣጠሚያ ልም አጥንት ሳስቶ ሲሸረሸር የሚመጣው ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ብዙ ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ሲነገረው መጀመሪያ የሚተወው ጂሙን ነው። መተው ግን አይገባውም። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ለሁሉም የኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኛ እንደየአቅሙ የተመጠነ ስፖርት እንዲታዘዝ ያሳስባል፤ ጡንቻ ማጠንከርም ከዚሁ ውስጥ ነው።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ እንደ ስፖንጅ ጫና ሲያርፍበት ይጨመቃል፣ ጫናው ሲነሳለት ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። እግሩን የሚሰስት ሰው ይህን ይነፍገዋል፤ የፊት ጭኑም ጡንቻ ይከሳል። ጡንቻው ሲደክም ደረጃ መውጣትና ከወንበር መነሳት ይከብዳል፣ ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል፣ ጡንቻውም ይበልጥ ይደክማል። ስፖርት ያለቀውን ልም አጥንት አይተካም፤ የሚሰብረው ይህን አዙሪት ነው።

የጥቅሙን መጠን አጋንኖ መናገር ግን ሕመምተኛውን መበደል ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2015 ያወጣው፣ 54 ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ ስፖርት ሕመምን እንደሚቀንስና እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 377 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታትሎ፣ ከባድ ክብደት ባነሱትና ቀላል ባነሱት መካከል በሕመም ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የጤና ትምህርት ከተሰጠው ቡድንም ብልጫ አልታየም። ስለዚህ ጉልበቱን ብሎ የሚሠራ ሰው ከብረቱ ክብደት ጋር መፎካከር አይጠበቅበትም።

ጉልበት ይበልጥ ሲታጠፍ የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር የሚጫንበት ኃይል ስለሚጨምር፣ ስኳትን እስከ ታች ቁጢጥ ብሎ መሥራት ለብዙዎች ይከብዳል። መላው ቀላል ነው፦ ከኋላ ከፍ ያለ ወንበር ማስቀመጥ፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ቀስ ብሎ መቀመጫውን እስኪነኩ መውረድ፣ ሳይወረወሩ መነሳት። ሲለመድ ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ወይም ክብደት መያዝ ይቻላል። እግር እየገፉ የሚሠሩበት ማሽንም የመታጠፊያውን ልክ መምረጥ ስለሚያስችል ይመቻል።

ትንሽ ሕመም የማቆሚያ ምልክት አይደለም፤ በተለይ በጅማሬው ሊጨምርም ይችላል። በ2013 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረውን ግላድ የተባለ ፕሮግራም ጨምሮ በፊዚዮቴራፒ የተለመደው መለኪያ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 መገመት ነው። እስከ 5 ድረስ ያለው ይታገሡታል፤ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ በቀጣዩ ቀን ክብደቱን ወይም ድግግሞሹን መቀነስ ይበቃል፤ ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ መተው አያስፈልግም። ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሲረግጡት ከከዳ፣ ወይም ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካስከተለ ግን ሐኪም ሳያየው ክብደት መንካት አይገባም።