በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወደ ኋላ ለቀሩ ሠልጣኞች የሚሰጥ ድጋፍ፣ የሥነ ምግባር እርምጃና የአቤቱታ አቀራረብ

ይህ መረጃ በሥልጠናቸው ወደ ኋላ ለቀሩ ወይም በሥነ ምግባር ጉድለት ለተጠየቁ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣ ለወላጆቻቸውና ለአሳዳጊዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው የክህሎት ጉድለትና የሥነ ምግባር ጥፋት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ነው። የክህሎት ጉድለት በድጋፍ ይታረማል፤ ጥፋት ደግሞ በደንብ ይዳኛል። ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ሊረዳ የሚገባው ወጣት ሙያውን ሳይጨርስ ይቀራል።

«ገና ብቁ ያልሆነ» ማለት ምን ማለት ነው?

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሙያ ደረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። ሠልጣኝ የሚመዘነው ከጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ ሳይሆን፣ ሙያው የሚጠይቀውን ሥራ በተቀመጠው መስፈርት መሠረት መሥራት በመቻሉ ነው። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይገለጻል። «ገና» መባሉ በሩ እንዳልተዘጋ ያመለክታል። ስለሆነም የብየዳ ሥራው ከመስፈርቱ በታች ለሆነበት ሠልጣኝ ተገቢው ምላሽ ስሕተቱን ለይቶ ማሳየት፣ ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት መስጠትና ዳግም መመዘን ነው። ከወርክሾፕ ማገድ ግን የጎደለውን ልምምድ ይበልጥ ያሳጣዋል።

ከእርምጃ በፊት ምክንያቱን መለየት

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የአይከል ከተማ ለአብነት እንውሰድ። ከአካባቢው ገጠር ቀበሌዎች መጥቶ በከተማዋ ቤት ተከራይቶ የሚሠለጥን ወጣት፣ የቤት ኪራይና ስንቅ ሲያጥረው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ ሊወርድ ይችላል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው መቅረቱ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ምክንያቱን ከጠየቀ ግን ያመለጠው ልምምድ የሚካካስበትን ጊዜ ማመቻቸት ይቻላል። ሠልጣኙም በበኩሉ ችግሩን ከመቅረቱ አስቀድሞ ለአሠልጣኙ ወይም ለክፍል ኃላፊው ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

የሥነ ምግባር እርምጃ

ጠጥቶ ወደ ወርክሾፕ መግባት፣ ያለፈቃድ ማሽን ማስነሳት፣ የዐይን መከላከያ ሳያደርጉ መሞረድና መሣሪያ መስረቅ በችግር ስም የሚታለፉ አይደሉም፤ የሌሎችን አካልና የጋራ ንብረት አደጋ ላይ ይጥላሉና። ሆኖም እርምጃው፦

• በተቋሙ የሠልጣኞች ደንብ የተደነገገ፣
• ሠልጣኙ ክሱን ዐውቆ መልስ ከሰጠ በኋላ የተወሰነ፣
• ከጥፋቱ ክብደት ጋር የተመጣጠነ፣
• በጽሑፍ የተገለጸ ሊሆን ይገባል።

መምታት በማናቸውም ሁኔታ የሥነ ምግባር እርምጃ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤቶች ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል፤ አንቀጽ 18 ደግሞ ማንኛውንም ሰው ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ ይጠብቃል።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

1. የውሳኔውን ደብዳቤ፣ የምዘና ውጤቱንና ማስረጃዎችን (ለምሳሌ የሕክምና ወረቀት) ያሰባስቡ።
2. አቤቱታዎን በጽሑፍ ለተቋሙ ዲን ያቅርቡ፤ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ይያዙ።
3. መልስ ካላገኙ ወይም ካልተስማሙበት፣ ዘርፉን በበላይነት ለሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከወረዳ ጀምሮ እስከ ክልል ቢሮ በየደረጃው ያመልክቱ።
4. በየደረጃው አመልክተው መፍትሔ ካጡ፣ አስተዳደራዊ በደልን ለሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ።

አቤቱታው እስኪታይ ድረስ፣ ካልታገዱ በስተቀር፣ ከሥልጠናዎ አይቅሩ። ያለ ፈቃድ መቅረት በራሱ ሌላ ጥፋት ሆኖ ሊቆጠርና ትክክለኛውን አቤቱታዎን ሊያዳክም ይችላል።