ካልዲና ፍየሎቹ ለማን መሰከሩ?

አጋሮ ውስጥ እንግዳ ተቀምጦ ቡና ሲፈላ አንድ ወግ ሳይነሣ አይቀርም። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ አቦሉ እንደተቀዳ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ለመሆኑ ይህ የምትጠጣው ነገር መጀመሪያ የት እንደተገኘ ታውቃለህ?» ይላል። እንግዳው ቢያውቅም ባያውቅም መልሱ አይጠበቅም። ወጉ ይቀጥላል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ጮጬ የሚባል መንደር አለ። በዚያም ከታ ሙዱጋ በተባለው ስፍራ ካልዲ የሚሉት እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አየ። እርሱም ቀመሰ፤ ቡና ተገኘ።

እኔም ያደግሁት ይህን ወግ እየሰማሁ ነው። ጎልምሼ ቦንጋ የሄድሁ ጊዜ ግን ያው ካልዲ፣ ያው ፍየል፣ ያው ቀይ ፍሬ ጠበቀኝ፤ የተለወጠው ጫካው ብቻ ነው። «ማኪራ ነው የተገኘው» አሉኝ። ልከራከር አሰብሁና በሰው ቤት ቡና እየጠጡ መከራከር ነውር መሰለኝ፤ ተውሁት። በኋላ ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ሲሠራ የአጋሮ ሰው ምን ያህል ቅር እንዳለው ጅማና አካባቢዋን የሚያውቅ አንባቢ ያስታውሰዋል። ክርክሩ የቀልድ አይደለም። የስም፣ የገበያና የክብር ጉዳይ አለበት።

እንግዲህ ወደ ምስክሩ ወደ ካልዲ እንሂድ። ሰውየው ከየት መጣ?

የእረኛው ተረት በአውሮፓ በጽሑፍ የታየው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ የማሮን ወገን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ስለ ቡና ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ነው። ናይሮን ወሬውን ያቀረበው የምሥራቅ ሰዎች እንዲህ ይላሉ በሚል ነው። አንድ የግመል እረኛ (ሌሎች ደግሞ የፍየል ነው ይላሉ ብሎ ያክላል) መንጋው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ሲፈነጭ እያደረ ቢያስቸግረው በአቅራቢያው ወዳሉት መነኮሳት ሄዶ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ፍሬውን አግኝተው ቀቅለው ይጠጡና ለሌሊት ጸሎት ይነቁበታል። ተረቱ ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ «ካልዲ» የሚል ስም የለም። ስሙ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት የሚጠቅሱት ዘጠነኛው ምዕተ ዓመትም እዚያ የለም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቦታው ነው። ናይሮን ነገሩ የተፈጸመው በየመን ምድር ነው ይላል። ጮጬም፣ ማኪራም፣ ኢትዮጵያም አልተጠሩም።

ይህ ማለት እኛ የመነሻችን ማስረጃ ብለን በየፖስተሩ የምንለጥፈው፣ በየቡና ቤቱ ስም አድርገን የምንሰቅለው ተረት ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚመሰክረው ለየመን ነው!

ታዲያ ኢትዮጵያ ምስክር አጣች? አላጣችም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ቡና የጻፈው ዓረባዊው አብዱልቃድር አልጀዚሪ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎችን ቃል ሰብስቦ አስፍሯል። ከእነዚህ በአንዱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1470 ገደማ የሞተ የኤደን ሙፍቲ ከባሕሩ ወዲህ ማዶ፣ ወደ እኛ ወገን ተሻግሮ፣ ሰዎች በቡና ሲጠቀሙ አይቶ ተመለሰ፤ ሲታመምም ትዝ ብሎት ቢጠጣው ተሻለው። የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር የያዙትም በዚያው ዘመን ነው። ይህ ትረካ ፍየል የለውም፤ አይፈነጭበትም። ነገር ግን መጠጡ ከየት ወደ የት እንደተሻገረ ይናገራል።

ከሰነድ ይልቅ አጥብቆ የሚመሰክረው ደግሞ ጫካው ነው። ስዊድናዊው ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «አረቢካ» ብሎ የሰየመው ለአውሮፓ የሚመጣው ቡና ከዓረብ አገር ስለነበረ ነው፤ ስሕተቱ በስሙ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። አረቢካ 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ዘመዶቹ የቡና ዝርያዎች 22 ብቻ አላቸው። ምክንያቱም አረቢካ ካኔፎራና ኢዩጄኒኦይደስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህ ድቅያ የሆነው ከ6 መቶ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላል። ያኔ ፍየል የሚጠብቅ ቀርቶ ፍየል የሚያለምድ ሰው አልነበረም። ያ ተክል ዛሬም ሳይተከል ራሱን እየተካ የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያው የቀጠለ በደቡብ ሱዳን ቦማ ተራራም ይገኛል። የየመን ቡና ከዚህ ባሕር የተጨለፈ አንድ ቅል ነው። ሆላንዶች ከየመን ዘር ጃቫ ላይ ካለሙት ላይ እ.ኤ.አ. በ1706 አምስተርዳም ያደረሱት ችግኝ፣ ከዚያም ለፈረንሳይ ንጉሥ የተሰጠው ዛፍ፣ ለላቲን አሜሪካ እርሻ ብዙ እጅ መነሻ ሆኑ። ከቅሉም ጭላጭ ማለት ነው።

ይህን ስል የአጋሮን ሰው «ጫካው ይመሰክራል ካልህ ጮጬ ነው ወይስ ማኪራ?» ሲል እሰማዋለሁ። ዱር በቀሉ ቡና የመንደር ወሰን አያውቅም። ካፋም፣ ያዩም፣ ጌራም፣ ጎማም የአንድ ደን ልጆች ናቸው። አንድ ዛፍ ላይ ጣት አሳርፎ «የመጀመሪያው ይህ ነው» ማለት ከ6 መቶ ሺህ ዓመት በኋላ ለማን ይቻለዋል?

«ኮፊ» የሚለው የፈረንጅ ቃል ከ«ካፋ» መጣ የሚለውስ? ጆሮ ይስባል፤ እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ይሁንና የፈረንጁ ቃል በቱርክ በኩል የመጣው ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው። «ቀህዋ» ደግሞ ቡና ከመታወቁ በፊት የወይን ጠጅ ስም እንደነበረ የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ሰዎች ይናገራሉ። ከካፋ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አልተገኘም። ይልቅስ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ፍሬውን ዓረብ «ቡን» ይለዋል፤ አማራው «ቡና»፣ ኦሮሞውም «ቡና»፣ ከፊቾውም «ቡኖ»። ክርክር ካማረን በዚህ ብንከራከር ይሻለን ነበር።

ሌላው በየአደባባዩ የሚነገር ነገር ደግሞ አለ። «የቡና ሥነ ሥርዓታችን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ፣ የኢትዮጵያውያን ሁሉ ቅርስ ነው» ይባላል። አንባቢ አያት ቅድመ አያቱን ይጠይቅ። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ በደጋው የነበረው ክርስቲያን ቡናን ከጫትና ከትምባሆ ጋር ደምሮ «የእስላም ነው» እያለ ይጸየፍ ነበር። ቡናው ይጠጣ የነበረው እንደ እነ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ባሉት የጊቤ መንግሥታት፣ በሐረርና በነጋዴው ሙስሊም ቤት ነው። ነገሩ የተለወጠው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ እንደነበር፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ለማለዘብ እንደጣሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ጀበናው ላይ የምንጠራቸው ስሞችም ይህንኑ ይናገራሉ። አቦል «አወል»፣ አንደኛ፣ ከሚለው ዓረብኛ የወጣ ነው፤ በረካም ቡራኬ ማለት ነው። «ሲኒ» ራሱ በዓረብኛ «የቻይና ዕቃ» ማለት ነው። (ሦስቱን የካልዲ ፍየሎች ስም አድርገው የሚተርኩም አሉ። ፍየል በረካ ተብላ ስትጠራ ይታያችሁ!)

የሚያስቀው ደግሞ፣ ክርስቲያኑ «የእስላም ነው» ብሎ የሸሸውን ቡና መካ ላይ ኻኢር ቤግ የተባለ ሹም እ.ኤ.አ. በ1511 «ለእስላም አይገባም» ብሎ አስከልክሎት፣ ቡናውንም አስቃጥሎት ነበር። ካይሮ ብዙም ሳትቆይ ሻረችው እንጂ።

ይህን የምጽፈው ሥርዓቱን ለማቃለል አይደለም። መቶ ዓመት ጥቂት አይደለም፤ ደግሞም ከጎረቤት የተማሩትን የራስ ማድረግ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው አስተማሪውን መርሳት ነው። «የሁላችን ነበረ» ስንል ሌላው ሲጸየፈው ቡናውን ያቆየው የጎማና የጅማ ገበሬ፣ ሂርማታ ገበያ ድረስ በበቅሎ የጫነው ነጋዴ ከታሪኩ ይወጣሉ።

ከወጥ ቤትም ጥቂት ላንሣ። ልጅ ሆኜ እናቴ ቡና ላይ ቅቤ ጣል ስታደርግ የከተማ ዘመዶቻችን «የባላገር ነገር» እያሉ ይስቁ ነበር። ጨውማ ከሆነ የድኅነት ምልክት ነው። ነገር ግን ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ኳስ አድቦልቡለው፣ አንዷን ኳስ የቀን ስንቅ እንደሚያደርጓት ጽፏል። ቡና በመጀመሪያ ምግብም ነበረ ማለት ነው። በቦረናና በጉጂ ሙሉው ፍሬ በቅቤ የሚጠበስበት «ቡና ቀላ» የምርቃት ማዕድ ነው፤ ትርጉሙም የታረደ ቡና ማለት ነው። ስኳር ግን የትናንት እንግዳ ነው፤ የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሐረሮች ከቅጠሉ ኩቲ ያፈላሉ። ስለዚህ «እውነተኛው ቡና» ጥቁሩና በስኳር የሚጠጣው ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ከታሪኩ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብቧል። «አክርሮ የተቆላ ኃይል አለው» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የሚከርረው ምሬቱ እንጂ ካፌይኑ በመቆላት ብዙም አይለወጥም።

እዚህ ላይ «ተረት ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። በሌላ አገር ምናልባት ምንም። እኛ ጋ ግን ዓይናችንን ከዛፉ አንሥተን ፍየሉ ላይ እንድንተክል አድርጎናል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ (ሲቢዲ የሚሉት) ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን ገና በእንጭጩ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ያዳነው የውጭ መድኃኒት ብቻ አይደለም። የጅማው መልኮ የምርምር ጣቢያ ሰዎች በታመመው ቡና መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን ፈልገው ዘራቸውን ለቀሙ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112፣ 74148 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች እነዚያ ናቸው፤ መነሻው 74 የተመረጡበት የአውሮፓውያን ዓመት ነው። እነዚያ ዛፎች በዚያ ዓመት ለማገዶ ተቆርጠው ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹም አይኖሩም ነበር። ለጫት ወይም ለባሕር ዛፍ ቦታ ተብሎ አሮጌ ቡና ሲነቀል ባየሁ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል።

ባለፈው ክረምት አጋሮ ስመለስ የናይሮንን ነገር ለአንድ አዛውንት ጎረቤታችን አጫወትኋቸው። የጮጬን ወግ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነበር። በጽሞና አዳመጡኝ። የመን የሚለውን ሳነሣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የካልዲ ስም የለም ስላቸውም ብዙ አልከፋቸውም።

«እሺ፣ ፍየሎቹስ?» አሉኝ።

«አባባ፣ መጽሐፉ ምናልባት ግመሎች ነበሩ ይላል።»

«ግመል?» ሲኒያቸውን ከአፋቸው መለሱት። «ልጄ፣ ይህን ዳገት ግመል ወጥቶት ያውቃል? እንግዲያው ሰውየው አገራችንን አላየም!» አሉና በረካው እንዲቀዳላቸው ሲኒያቸውን ዘረጉ።